ጉድጓዱን ክደኑት

ከምሠራበት አውሮፕላን ማረፊያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጋምቤላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰሞኑን አንድ ቤት እየተሠራ ነው። ጠዋት በባጃጅ በዚያ ሳልፍ ግንበኞቹ ሲሚንቶና አሸዋ ያቦካሉ። ውሃ ሲያፈሱበት የሚነሣውን ሽታ ነፋሱ ይዞት ይመጣና ፊቴን ይመታኛል። የአባቴ ሽታ ነው። ከሥራ ሲመጣ ከሸሚዙ፣ ከጸጉሩ፣ ከጥፍሮቹ ሥር የሚወጣው ሽታ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሰዎች ቤት እየተሠራ ነው ብለው ያልፋሉ። እኔ ወንድሜን ኦቻላን አስባለሁ፤ ያንን ክረምት አስባለሁ።

አባቴ ኦባንግ ግንበኛ ነበር፤ ሥራው ግን ከመሬት በታች ነው። በከተማው ዳርና ባሮን ተከትለው ባሉት መንደሮች የብሎኬት ቤት ሠርቶ የውሃ ሽንት ቤት ያስገባ ሰው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነበር። ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ ዙሪያውን በድንጋይ ይገነባል፣ ወለሉን በኮንክሪት ይሞላል፣ ከላይ ይከድናል። ሲሞላ መጣጭ መኪና ከከተማ ይጠራል፣ ሲሰነጠቅ ይጠግናል፣ ቱቦው ሲደፈን በረጅም ሽቦ ይከፍታል። ሰዉ "ሴፕቲክ" ይለዋል። እኛም ቤት ውስጥ በአኝዋክኛ ስናወራ ያው ሴፕቲክ ነበር የምንለው፤ ሌላ ስም አልነበረንም።

እኔ ታዲያ ሴፕቲክ ሰው ይመስለኝ ነበር። አባቴ አመሻሽ ላይ እግሩን እየታጠበ ለእናቴ ሲነግራት "የፓስተሩ ሴፕቲክ ሆዱ ሞልቷል" ይላል። "የነርሷ ታፍኗል፣ ነገ መተንፈሻ ላወጣለት ነው" ይላል። "ያኛው አርጅቷል፣ ብዙ አይቆይም" ይላል። በዓይኔ የሚታየኝ ሆዱ የተነፋ፣ ከሰው ቤት ሥር የሚኖር፣ ከላይ የሚወርድለትን እየበላ የሚውል ትልቅ ሰውዬ ነበር። አባቴ ደግሞ ሐኪሙ። ለክፍል ጓደኞቼ አባቴ ሐኪም ነው ብዬ ተናግሬ ስቀውብኛል።

ከሁሉም የማይጠግበው የመምህር ታደሰ ሴፕቲክ ነበር። መምህር ታደሰ ከደጋ አገር መጥተው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምሩ፣ ከአጥራችን ማዶ ከነቤተሰባቸው የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸውን ሲሠሩ ሴፕቲኩን የሠራላቸው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም። የሌላው ሰው በየጊዜው ይመጠጣል፤ የእሳቸው ግን ያ ሁሉ ቤተሰብ እየተጠቀመበት ዝም ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው ይጣራሉ።

"ኦባንግ! ና እስቲ፣ ሰው ላስተዋውቅህ። ይኸውላችሁ፣ የማይሞላ ጉድጓድ የሠራልኝ ሰው!"

አባቴ አማርኛን የለመደው ግንባታ ቦታ ስለሆነ መምህርንም ሆነ የቀን ሠራተኛን "አንተ" ነው የሚለው። "አንተ ደግሞ ታበዛለህ፣ መምህር" ይልና አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ደስ ሲለው ግን ያስታውቅበት ነበር። በዚያ ሴፕቲክ ምክንያት ብዙ ሥራ አግኝቷል።

የውሃ ጉድጓዳችን ከእኛ ግቢ፣ ከማንጎው ሥር፣ ወደ መምህር ታደሰ አጥር ጠጋ ብሎ ነበር። እሱንም የቆፈረው አባቴ ነው። እነ መምህር ታደሰ የሚጠጡት ከከተማ ቦኖ በጀሪካን የሚመጣላቸውን ውሃ ነበር፤ ከእኛ የሚቀዱት ለልብስ ብቻ ነው። እኛና በአካባቢው ያሉት ቤቶች ግን ከዚያው እንጠጣለን፣ ከዚያው እናበስላለን። መቅዳት የእኔ ሥራ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ኦቻላ ገና አፉን እየፈታ ነበር፤ ከእናቴ ጀርባ ሲወርድ እኔ ጀርባ ላይ ነው። ባልዲውን ከማውረዴ በፊት በሆዱ ተኝቶ፣ እኔ ሁለት እግሩን ይዤው፣ ወደ ታች "ኦ!" ብሎ ይጣራል። ጉድጓዱ "ኦ" ብሎ ይመልስለታል። ሰውነቱ ሁሉ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ በእጄ ይሰማኝ ነበር።

ትምህርት ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ ባሮ ሞላ። የዚያ ዓመት ዝናብ ጠዋት ጀምሮ ማታ የሚያቆም አልነበረም። ጎጆአችን ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ብርድ ልብሱም፣ የትምህርት ቤት ደብተሬም፣ የሻገተ ይሸት ጀመር። የውሃ ጉድጓዱ እየሞላ ወደ ላይ መጣ። ባልዲውን ለማውረድ የምለቀው ገመድ በየቀኑ ሲያጥር ሥራዬ ስለቀለለኝ ደስ አለኝ። ውሃው ትንሽ ደፍረስ ብሏል፤ ክረምት ሁልጊዜ ይደፈርሳል ብለን ማንም ነገሬ አላለውም። ኦቻላ "ኦ!" ሲል ግን ጉድጓዱ እንደ ድሮው አይመልስለትም ነበር። ተናድዶ ደጋግሞ ይጣራል።

አባቴ በዚያ ሰሞን ባሮ ዳር ወዳለችው ኢታንግ ተጠርቶ ሄደ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሴፕቲኩ ጎርፍ ገብቶበት ክፍሎቹን ሁሉ አበላሽቶ ነበር። ከሄደ በኋላ መንገዱን ውሃ ቆረጠው። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራል፣ አይነሣም፤ በኋላ ጭራሽ ተዘጋ።

ሲስተር ትዕግስት የመጣችው አባቴ ኢታንግ እያለ ነው። በመንደሩ ጤና ኬላ የተመደበች ወጣት ነርስ ነበረች፤ ከደጋ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። በሞተር ያመጣት ልጅ ሞተሩን ሳያጠፋ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ጃንጥላዋን ነፋስ ገልብጦባት ጸጉሯ ከፊቷ ላይ ተለጥፏል። በሩ ላይ ቆማ ተጣራች፤ እናቴ በራሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ወጣች፤ እኔ ኦቻላን አዝዬ ተከተልኳት።

"የኦቻላ እናት፣ መንደሩ ውስጥ ተቅማጥ ገብቷል" አለች፣ ዝናቡ ስለሚጮህ እየጮኸች። "ጉድጓዱን ክደኑት። እኔ ተመልሼ እስክመጣ ድረስ እንዳትጠቀሙበት። እሺ?"

"እሺ" አለች እናቴ።

"ገባሽ አይደል?"

"ገባኝ፣ ሲስተር።"

የኦቻላን ጉንጭ በርጥብ ጣቷ ነካ አድርጋ ወደ ሞተሩ ሮጠች። ከእኛ በኋላ የምትደርስባቸው ብዙ ቤቶች ነበሩ።

በአማርኛ ውሃ የሚቀዳበትም ጉድጓድ ነው፤ ሽንት ቤቱም ጉድጓድ ነው። በእኛ ቋንቋ ለየብቻ ነው የምንጠራቸው። እናቴ አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ አሳ ስትሸጥ ነው፤ ስለ አሳ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ሰላምታ ማንም አይበልጣትም። "ጉድጓድ" የሚለውን ቃል የምትሰማው ግን ከአባቴ ሥራ ጋር ብቻ ነበር። ሰዎች በራችን ላይ መጥተው "ኦባንግ የለም ወይ? ጉድጓዳችን ሞልቶ ነው" ይላሉ። ለእሷ ጉድጓድ ይኸው ነው። ለእኔም ያው ነበር። ደግሞ ሲስተር ስለ ተቅማጥ አውርታ ሽንት ቤቱን ዝጉት ብትል ምን ይገርማል?

እናቴ ዝናቡ ሳያባራ ከጎጆው ጀርባ ሄደች። የእኛ ሽንት ቤት ሴፕቲክ አልነበረውም፤ አባቴ የኮንክሪት ወለል የሠራለት ተራ ጉድጓድ ነው። አፉ ላይ ቆርቆሮ አደረገች፤ ቆርቆሮው ላይ ትልቅ ድንጋይ አንከባልላ ጫነች። "በዚህ ዝናብ ሜዳ ውጡ ትለናለች" እያለች ታጉረመርም ነበር። "ግን የተማረች ናት፣ ታውቃለች።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሸምበቆው ጀርባ፣ ባሮ ሞልቶ እስከ ደረሰበት ድረስ፣ በትንኝ እየተበላን እንወጣ ነበር። እናቴ አንድም ቀን ትእዛዙን አልጣሰችም። ውሃውንም እንደ ወትሮው ቀዳሁ።

ኦቻላ ሲታመም መጀመሪያ ወባ ነው አልን። ከዚያ ማስመለሱና ተቅማጡ ተከተለ። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ከንፈሩ ደርቆ እንደ አሳ ቅርፊት ተሰነጠቀ። እናቴ ጤና ኬላው ሴቶቹን ሰብስቦ ሲያስተምር የተማረችውን አስታወሰች፤ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መስጠት። ውሃው መፍላት እንዳለበትም ታውቅ ነበር፤ እንጨቱ ግን ርሶ ጭስ ብቻ ሆነ። "አዲስ ውሃ ቅጂ፣ የተቀመጠውን አይደለም" አለችኝ። ቀዳሁላት። ኩባያውን በሳሙና አጥባ፣ በጥብጣ፣ በማንኪያ በማንኪያ ሰጠችው። ሲያስመልሰው እንደገና ትበጠብጣለች። ያን ያህል የታገሠ እጅ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ኦቻላ ማልቀስ አቆመ። የተሻለው መሰለኝ። እናቴ ግን ከጎጆው ወጥታ ጮኸች። መምህር ታደሰ አጥሩን በእግራቸው ገፍተው ጥሰው ገቡ። የዝናብ ልብሳቸውን አውልቀው ኦቻላን ጠቀለሉትና፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው፣ ባጃጅ ወደሚገኝበት አስፋልት ይዘውት ሮጡ። እናቴ ባዶ እግሯን ከኋላቸው። እኔን የመምህር ታደሰ ባለቤት ቤታቸው አስገቡኝና ሻይና ዳቦ ሰጡኝ። ዳቦው ጣፋጭ ነበር፤ ለኦቻላ ግማሹን በቀሚሴ ኪስ ደበቅኩለት።

ጤና ጣቢያ አልደረሱም። ሲመለሱ እናቴ ከፊት ናት፤ ኦቻላ በመምህሩ የዝናብ ልብስ እንደተጠቀለለ እቅፏ ውስጥ ነው። መምህር ታደሰ ከኋላ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ ፊታቸውን ዝናብ ነው እንባ ነው ያራሰው መለየት አይቻልም። የተኛ መስሎኝ ዳቦውን አውጥቼ ጠበቅኩ።

አባቴ በጀልባ ደረሰ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ወንዙ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ቤተ ክርስቲያናችን አጠገብ ለኦቻላ የተቆፈረው መቃብር ከታች ውሃ አመነጨ። ሰዎቹ ይቀዳሉ፣ ይሞላል። ይቀዳሉ፣ ይሞላል። መዘምራኑ መዝሙሩን ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። አባቴ የሚቀዳውን ሰው ትከሻ ነክቶ ባልዲውን ተቀበለውና ራሱ ገብቶ ቀዳ። የሥራ ባልዲው ነበር፤ ጠርዙ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለበት። በመጨረሻ ፓስተሩ "ይበቃል፣ ኦባንግ" አሉት። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶው ሳይበተን ሲስተር ትዕግስት መጣች። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይዛለች፤ ውስጡ ለውሃ የሚጨመር ክሎሪን ነው። ስለ ኦቻላ መንገድ ላይ ሰምታ ዓይኗ አብጧል። እናቴን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ስትል ወደ ማንጎው አየች። የእኛ ባልዲ ከነገመዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ ገመዱ ርጥብ ነው። ከጎኑ ለለቀስተኛው የቀዳንባቸው ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

"ከዚህ እየጠጣችሁ ነው?" አለች።

"አዎ" አለች እናቴ።

"ክደኑት አላልኳችሁም? እንዳትጠቀሙበት አላልኩም?"

"ከደንን" አለች እናቴ። እጇን ይዛ ከጎጆው ጀርባ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ድንጋዩ በቦታው ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ አቁሯል።

ሲስተር ትዕግስት ድንጋዩን አየች፣ እናቴን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች።

"አንቺ ጉድጓድ አልሽ" አለች እናቴ በአማርኛ፣ ቃሉን ቀስ ብላ እያወጣች። "ጉድጓድ ክደኑ አልሽ። እኔ ከደንኩ። ልጆች ሜዳ ወሰድኩ።"

"የውሃውን ማለቴ ነበር። የውሃ ጉድጓዱን።"

"የውሃ አላልሽም።"

"አላልኩም" አለች ሲስተር ትዕግስት። "አላልኩም።" ጭቃው ላይ ከነነጭ ጋዋኗ ቁጭ አለች።

እናቴ እንድትመታት ጠብቄ ነበር። አልመታቻትም። ወደ ማንጎው ዞረች። ከዚያ "ስኳርና ጨው በዚያ ውሃ ነው የሰጠሁት" አለች። "አዲስ አስቀድቼ።" ይህን በአኝዋክኛ ነበር የተናገረችው፤ ሲስተር አልገባትም፤ ተርጉሚልኝ ብላ አየችኝ። አልተረጎምኩላትም። ሲስተር ተነሥታ ሮጠችና ለለቀስተኛው የተቀዳውን ውሃ ጀሪካን በጀሪካን እየደፋች፣ ሰዉን አትጠጡ እያለች ዞረች። በየሰዉ ፊት ጀሪካኑን በእጇ እየመታች ነበር የምትናገረው።

አባቴ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰማ። ከዚያ ተነሥቶ ጉድጓዱን ወደ ታች አየው፤ ቀጥሎ አጥሩን አየ፤ ቀጥሎ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የመምህር ታደሰን ግቢ አየ። በተጣሰው አጥር አልፎ ሄደ።

"መምህር" አለ፣ "ሴፕቲክህን ልክፈተው።"

"ምን ሆኖ? ሞልቶ እኮ አያውቅም።"

"እሱን ነው የምልህ" አለ አባቴ።

መምህር ታደሰ ወደ ማንጎው አዩ። ፊታቸው ላይ ያለው ደም ሁሉ የሄደ መሰለኝ።

ዝናቡ ጋብ ብሎ መንገዱ እስኪደርቅ መጣጭ መኪናው መግባት አልቻለም። እነ መምህር ታደሰ ሽንት ቤታቸውን በዚያው ቀን ዘጉ። መኪናው መጥቶ ከመጠጠ በኋላ አባቴ ክዳኖቹን ከፍቶ አየር እንዲገባበት አሳደረው፤ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ሰው ገመዱን ይዞለት ወረደ። እኔ ማንም ሳያየኝ ጠርዙ ላይ ደርሼ ወደ ውስጥ አየሁ። ያን በልቶ የማይጠግብ ሰውዬ ነበር የፈለግሁት፤ ኦቻላን የወሰደው እሱ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ፊቱን ማየት ፈልጌ ነበር። ማንም አልነበረም። ጥቁር ግድግዳ ያለው ባዶ ክፍል ነው። አንድ ጥግ ላይ አባቴ በርከክ ብሎ መዳፉን ወለሉ ላይ አድርጓል። ወለሉ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ውሃ እንደ ምንጭ ቀስ እያለ ይፈልቅ ነበር።

"ከታች እየገባ ነው" አለ ወደ ላይ ሳያይ። "በገባበት ይወጣል። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ሲሰነጠቅ ወለሉን ይዞት ተሰንጥቋል። የሚወርደው ሁሉ ወደ ጉድጓዳችን ሲሄድ ነው የኖረው።"

"እኔ ነኝ" አሉ መምህር ታደሰ። "አልሞላም እያልኩ በየሰዉ ፊት ስኮራ፣ አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ!"

"አንተ ውሃ ብቻ ለቀቅህ። የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ኦባንግ፣ ውጣ በቃ። ሌላ ሰው እንፈልጋለን።"

ከታች ውሃ እየገፋ ሲሚንቶ አይይዝም፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ እስኪወርድ መጠበቅ ነበረበት። አባቴ ወጣና ክዳኖቹን መለሰ። በዚያ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሆኖ የውሃ ጉድጓዳችንን በአፈርና በድንጋይ ደፈነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ውሃ ከቦኖ ነበር የምቀዳው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጀሪካኑ ለጀርባዬ ይከብዳል። ጀርባዬ ላይ ሌላ የሚታዘል አልነበረም።

እናቴ ከአባቴ ጋር ከምግብና ከውሃ ያለፈ ቃል አልነበራትም። እሱም አይጠይቃትም። የደፈነው ጉድጓድ፣ የተሰነጠቀው ወለል፣ ሁለቱም የእጁ ሥራ ነበሩ፤ እሷ ይህን አላለችውም፤ እሱ ግን ያለችው ያህል ይሰማው ነበር መሰለኝ፣ እሷ ባለችበት ቀና አይልም። አንድ ጠዋት የመምህር ታደሰ ባለቤት በአጥሩ ክፍተት ገቡ። ነጠላቸውን ይዘው ቆሙ። ሽንት ቤታቸው ከተዘጋ ጀምሮ ሜዳ ነበር የሚወጡት፤ ያን ቀን ታመው ነበር። ምን እንደፈለጉ ለመናገር አቃታቸው። እናቴ አየቻቸው። ከጎጆው ጀርባ ሄዳ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልነካውን ድንጋይ ገፍታ ጣለችው፣ ቆርቆሮውን አነሣች፣ ከዚያ ወደ ማጀቷ ገባች። ሴትዮዋ ሲወጡ እያለቀሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ የእኛን ሽንት ቤት ተጠቀመ።

ኅዳር ላይ ባሮ ወረደ፤ መሬቱ ጠነከረ። አባቴ ለመምህር ታደሰ እንኳ ሳይነግር መሮውንና መዶሻውን ይዞ ገባ። ስንጥቁን ቆርቁሮ አሰፋው፣ የላላውን አወጣ፣ ብረት ዘርግቶ ወለሉን እንደ አዲስ ሞላው፣ ግድግዳውን ዙሪያውን ለሰነው። ቀናት ፈጀበት። መምህር ታደሰ ሲሚንቶውን ራሳቸው አቡክተው በባልዲ ያወርዱለት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከራሱ እስከ እግሩ ሲሚንቶና ያ ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል፤ ሽታው ከመንገድ ይሰማል። ሥራው አልቋል፤ ግን መነሣት አቅቶታል። መምህር ታደሰ ውሃ ይዘውለት ቆመዋል፤ አይቀበላቸውም። መዳፎቹን ገልብጦ እያያቸው ነበር።

እናቴ ከግቢያችን አየችው። ከቦኖ የቀዳሁትን፣ ለእራት ያስቀመጠችውን ውሃ በባልዲ ያዘችና በአጥሩ ክፍተት ተሻገረች። ከኋላው ቆማ ውሃውን በራሱ ላይ አፈሰሰችው። በመዳፏ ጸጉሩን አሸችው፣ አንገቱን፣ ጆሮዎቹን ከኋላ፣ ትከሻውን፤ የለበሰችው ሁሉ እየተበላሸ። አባቴ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መምህር ታደሰ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ገቡ። እናቴ ለቅሶውን እስኪጨርስ አልጠበቀችውም፤ እጆቹን ሳበችና ጣት በጣት አጠበቻቸው።

"ተነሥ" አለችው። "ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታለች። አልበላችም።"

አባቴ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ተነሣ።